ወደ ቡልቡላ የያዝኩት ጥቁር ቀሚስ

ማክሰኞ፣ ሲነጋጋ፣ አዳማ

የአዳማ ሰው ነፋስ አይፈራም። ነፋስ ለእኛ እንደ ቤተሰብ ነው፤ ሳይጠራ ይመጣል፣ በሩን በርግዶ ይገባል፣ አቧራውን ሶፋው ላይ አራግፎ ይሄዳል። እንግዳ መጥቶ ተራራው ላይ የሚሽከረከሩትን ትልልቅ ማማዎች «ምንድን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ነፋሳችን ሥራ ፈት ሆኖ እንዳይባልግ ሥራ ሰጥተነው ነው» እያልኩ እቀልዳለሁ። ዛሬ ግን በሬን ቆልፌ ስወጣ የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ ትንሽ ሲወዛወዝ አየሁና ፈራሁ።

በዚህ ዓምድ የምታውቁኝ ስለ ዓሣ ቤትና ስለ ሐይቅ ዳር ሆቴል ስለፈልፍ ነው። መጋረጃ ሸጬ የተረፈኝን ጊዜ መንገድ ላይ የምጨርስ ሴት ነኝ። ይሄኛው ጉዞ ግን የሽርሽር አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቡልቡላ ወጣ ብለው ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች አውሎ ነፋስ መታቸው። ሰው በስልኩ ያነሳው ቪዲዮ ፌስቡክ ላይ ዞሯል። ከመሬት እስከ ደመና የቆመ ቀይ የአቧራ ምሰሶ፣ በመሐሉ የሚገለባበጥ ቆርቆሮ፣ ከኋላ ደግሞ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» የሚል የሴት ድምፅ ይሰማል።

እዚያ ቀበሌ ውስጥ አዳዳ ዲንቂቱ አለች። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ናት፤ ለእኔ ግን እናትም ናት። እናቴ በልጅነቴ ስትሞትብኝ አቅፋ የወሰደችኝ፣ አብልታ ያሳደገችኝ፣ ስባልግም በአርጩሜ ያቀናችኝ እሷ ነች። ከቅዳሜ ጀምሮ ስልኳ አይሠራም። የማንም ስልክ አይሠራም።

ትናንት ማታ ልጇ ገመዳ መስመር ባገኘ በአንድ ሰው ስልክ ደወለልኝ። መስመሩ ይቆራረጣል።

«እማዬ ደህና ናት» አለኝ። «አትደንግጪ። ግን ብትመጪ ጥሩ ነው።»

«አገናኘኛ!»

«አሁን እዚህ የለችም። ስትመጪ ሁሉንም ትሰሚያለሽ።»

ተቋረጠ። ይህ ዓይነት ስልክ ተደውሎለት የማያውቅ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሟታል» ይባላል፤ «ደህና ናት፣ ግን ነይ» ይባላል። ከዚያ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በግድ እህል አስቀምሶ፣ ነው መርዶው የሚነገረው። «አትደንግጪ» የሚባል ነገርማ በሕይወቴ ለሠርግ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች፣ የሴቶች ዕድራችን ሰብሳቢ፣ በግድግዳው በኩል ሰምታኝ ኖሮ መጣች። አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ቁምሳጥኔን ከፍታ ጥቁሩን ቀሚሴን አወጣችና አጣጥፋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው።

«ለማንኛውም ነው» አለች። «ባይፈለግ ይዘሽው ትመለሻለሽ።»

ልቆጣት ፈልጌ ተውኩት። የቦርሳዬ ዚፕ ከተበላሸ ከርሟል፤ እንደ ነገሩ አስሬው ወጣሁ።

ማለዳ፣ ሞጆ

ከመናኸሪያ የሻሸመኔ ሚኒባስ ያዝኩ። ሹፌሩ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ ጺማቸው የሸበተ፣ ሆዳቸው መሪውን የነካ፣ ሙዚቃቸውን እስከ ጣራ የሚከፍቱ ሰው ናቸው። ገና ስገባ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ «ጋሼ፣ ቀነስ ያድርጉት፣ ጆሮአችን ላይ ጨፈሩበት እኮ!» ብዬ ነበር። «ሙዚቃ የማትወጂ ከሆነ በባቡር ሂጂ» ብለውኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። ደግ ነው፣ እኔም ሳቅሁ።

ሞጆ ላይ አንድ ሰው ሲወርድ ዘወር ብለው «የት ነው የምትወርጂው እህቴ?» አሉኝ።

«ቡልቡላ።»

«ከተማው ላይ?»

«ወጣ ብሎ። ነፋሱ የመታው ቀበሌ።»

ፊቴን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው እግሬ ሥር ወዳለው ቦርሳ ወረደ። እጃቸውን ሰደዱና ሙዚቃውን ድርግም አደረጉት።

«ለምን አጠፉት ጋሼ? ቀልዴን እኮ ነው።»

«ኧረ እንዲሁ ነው። ጆሮዬን አሞኛል» አሉ። ጋቢና የተቀመጠውን ጎረምሳ «አንተ፣ ተነሥና ከኋላ ግባ» ብለው እኔን ወደፊት አመጡኝ።

መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው። ይሄ ሰውዬ በየቀኑ በዚያ መንገድ ይመላለሳል። ወሬ ሁሉ ከእሱ ጋር ነው። አንድ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ረፋድ፣ ከቆቃ እስከ መቂ

ቆቃ ላይ ልጆች ዓሣ በገመድ ሰክተው መንገዱ ዳር ቆመዋል። በሌላ ጊዜ ቢሆን አስቁሜ፣ ተከራክሬ፣ ጠብሰው እንዲሰጡኝ አድርጌ፣ ስለ ሎሚውና ስለ ሚጥሚጣው ሁለት አንቀጽ እጽፍላችሁ ነበር። ዛሬ ሐይቁ በቀኜ ይሁን በግራዬ አላስታውስም።

መቂ የሽንኩርት ከተማ ናት። ቀይ ጆንያ እንደ ግንብ ተደርድሮ፣ አይሱዙ ጭነቱ ላይ ጭነት እየተደረበበት፣ ደላላው «ነይ ነይ ነይ» እያለ ይሟሟታል። የቲማቲሙን ዋጋ ሰምቼ በልማድ «ምን? ወርቅ ነው እንዴ!» አልኩ፤ ከዚያ ራሴን ታዘብኩት። አክስቴ ያለችበትን ሳላውቅ ለቲማቲም ዋጋ እጮኻለሁ!

ጋሽ ታደሰ ሻይ ቤት በር ላይ አቆሙና ወርደው ሻይና አምባሻ ይዘውልኝ መጡ። ለሌላ ተሳፋሪ አልያዙም፤ ለእኔ ብቻ ነው።

«ብዪ» አሉኝ።

«አልራበኝም።»

«ባይርብሽም ብዪ። ሰው በባዶ ሆዱ እንዲህ ያለ ቦታ አይሄድም።»

ምን ያለ ቦታ? አምባሻውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እህል አስቀምሶ፣ አላልኳችሁም? ከኋላዬ አርሲ ነገሌ የምትወርድ አንዲት እህል ነጋዴ ተቀምጣለች፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እስከ ሞጆ ድረስ ምራቷን ስትወርፍ የነበረች። እሷም እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና «አይዞሽ እናቴ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» አለችኝ። ለበጎ! «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚባለው ትዝ አለኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እኩለ ቀን፣ ባቱ

ነፋሱ የጎዳቸው ሰዎች ባቱ ሆስፒታል እንደገቡ እህል ነጋዴዋ ነገረችኝ። ጋሽ ታደሰን «ለአንድ አፍታ ብቻ ያቁሙልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ሳያንገራግሩ ዞረው በሩ ላይ አደረሱኝ።

ውስጥ ገብቼ አንዷን ነርስ ያዝኳት። የአዳዳን ስም፣ የቀበሌዋን ስም፣ መልኳን፣ ግንባሯ ላይ ያለውን ንቅሳት ሳይቀር ነገርኳት። ልጅቷ እንደ እህት ሰማችኝ። «ከዚያ የመጡት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ወንዶች ናቸው፣ ሁለቱም ደህና እየሆኑ ነው» አለችኝ።

«እሷስ?»

«እሷ እዚህ አልመጣችም።»

አልመጣችም። ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩና ይህቺን ቃል አገላበጥኳት። ስላልተጎዳች አልመጣች ይሆን ወይስ ማምጣት ስላላስፈለገ?

ስመለስ ሚኒባሱ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ሰው በላብ ተጠምቋል። ግን አንድም ሰው አላጉረመረመም! ከዚህ አገር ሚኒባስ ተሳፋሪ ውስጥ «ኧረ ሹፌር፣ ሂድ እንጂ!» የሚል አንድ ሰው ሲጠፋ አስቡት። ሁሉም ዓይኑን ሰብሮ ተቀምጧል። እንግዲህ ሰው እንዲህ የሚታገሠው ሐዘንተኛን ነው ብዬ ቁርጤን አወቅሁ። ያኔ እንባዬ መጣ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ እስከ አዳሚ ቱሉ ድረስ አለቀስኩ።

ከአዳሚ ቱሉ በኋላ አገሩ ደረቅ፣ ግራሩ ጃንጥላ መስሎ የተዘረጋ፣ መንገዱ ዳር ከሰል በጆንያ የቆመ ነው። ድንገት አንድ ትልቅ ግራር ከነሥሩ ተነቅሎ ተጋድሞ አየሁ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ የመብራት ምሰሶ ሽቦው ላይ ቆርቆሮ እንደ ፎጣ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ቆርቆሮው አረንጓዴ አለመሆኑን ሳይ ደስ አለኝ፤ ለምን አረንጓዴ እንዳልኩ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ቡልቡላ ስወርድ ጋሽ ታደሰ ሒሳብ አልቀበልም አሉ። «ነገ በዚሁ መንገድ እመለሳለሁ፤ ከፈለግሽ ጠብቂኝ» ብለው ጨበጡኝ። ደረታቸውን በእጃቸው ነክተው ነው የሄዱት።

ከሰዓት በኋላ፣ ከቡልቡላ ወጣ ብሎ

ገመዳ ጋሪ ይዞ ጠበቀኝ። አቀፈኝ። «አካም ጂርታ?» አለ፤ «ነጋ» አልኩ፣ ደህና። ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናቡ፣ የአዳማ ሰው፣ ሱቁ፣ ሁሉም ደህና መሆኑን ተጠያየቅን። በኛ አገር ቤት ቢቃጠል እንኳ ሰላምታ አይዘለልም።

«አዳዳስ?» አልኩ በመጨረሻ።

«ነይ፣ መጀመሪያ አረፍ በይ» አለና ፈረሱን ነካው።

በጋሪ እየተንገጫገጭን ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ነፋሱ እንደ ሰው መንገድ ይዞ ነው የሄደው። ከመንገዱ ወዲህ ያለ ቤት ከነጣራው፣ ከነአጥሩ፣ ገመዱ ላይ ከተሰጣው ልብስ ጋር ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቤት የለም፤ መሠረቱና አንድ ድስት ብቻ ቀርተዋል። በቆሎው ማሳ ላይ ተኝቷል። የትምህርት ቤቱ ጣራ ተገፎ እንጨቱ እንደ ጎድን አጥንት ቀርቷል። የፕላስቲክ ወንበር ግራር ጫፍ ላይ ተሰቅሏል። ሁለት የሞቱ ላሞች በቅጠል ተሸፍነዋል፤ ባለቤቲቱ ከጎናቸው ቁጭ ብላለች። ቀና ብላም አላየችን። አንዲት ዶሮ ደግሞ ላባዋ ሙልጭ ብሎ፣ ተገላልጣ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ እየጫረች ታልፋለች። ሳቅና ለቅሶ ባንድ ላይ ሲመጣ ምን ይባላል?

«ሰው ሞቷል?» አልኩት ገመዳን፣ በዘዴ ያገኘሁት መስሎኝ።

«ሐጂ ይነግሩሻል» አለ።

ሐጂ ከድር የአዳዳ ጎረቤት ናቸው፣ የቀበሌው ትልቅ ሰው። ካልወደቀው አንድ ግራር ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሁሉም ተነሡ። ሁሉም! ለእኔ ለመጋረጃ ነጋዴዋ የሚነሣ ሽማግሌ ኖሮ አያውቅም። በዓይኔ አዳዳን ፈለግኩ፤ የለችም። ቤቷ ወደነበረበት አየሁ፤ ግድግዳው ግማሽ፣ ጣራው ባዶ ሰማይ።

አስቀመጡኝ። እርጎና ትኩስ ቂጣ መጣ። «አልችልም» አልኩ። «ትችያለሽ» አሉኝ ሐጂ። እንደራበው ሰው ሳይሆን እንደታዘዘ ሰው ዋጥኩት። ከጎኔ ሁለት ጠንካራ ሴቶች መጥተው ተቀመጡ፣ አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ። ይሄ የምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ራሷን ስትጥል ለመያዝ ነው።

ሐጂ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ኢንታላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «የሰጠ ፈጣሪ ነው፣ የሚወስድም እሱ ነው።»

«አዎ ሐጂ» አልኩ።

«አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ። ለአዳዳሽ ያደረግሽላትን አገር ያውቃል።»

«እሺ።»

«እንግዲህ ጠንክሪ። ነፋሱ መጥቶ… ያ አንቺ ያለበስሽው አረንጓዴ ቆርቆሮ… ያ የሚያምረው… አንድም ሳይቀር ሄደ። እኛም እዚህ አልነበርንም፣ ልናድነው አልቻልንም።»

ሴቶቹ ክንዴን ጠበቅ አደረጉ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ጠበቅኩ። ማንም አልቀጠለም።

«እሺ… ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ይኸው ነው» አሉ ሐጂ። «ሁሉም ሄደ። አይዞሽ።»

«አዳዳስ?!»

«አዳዳሽ ምን ትሆናለች? ማዶ ቀበሌ አረንጓዴ ቆርቆሮ ታየ ሲሏት ከጠዋት ጀምሮ ጋሪ ይዛ ሄዳለች። ኧረ አትሂጂ ብንላት የምትሰማ ሴት ናት?»

በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። አለቀስኩ ልበላችሁ፣ ሳቅሁ ልበላችሁ? ሁለቱ ሴቶች ያዙኝ። ሐጂ ደግሞ ለገመዳ «አላልኩህም? ቆርቆሮውን እንዲህ ትወደው ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው። ይባስ ብሎ ሳቄ ገነፈለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ነገሩ የአዳዳ ሥራ ነው። ያንን ጣራ ለማልበስ ዓመታት እንደለፋሁ ታውቃለች፤ ቀለሙን ቀቢ ሳልቀጥር ራሴ ነኝ መሰላል ላይ ወጥቼ የቀባሁት። ገመዳን አስምላዋለች። «ቆርቆሮው መሄዱን በስልክ ብትነግራት ልጄ መንገድ ላይ ትወድቅብኛለች። ትምጣ፣ ትብላ፣ ከዚያ ሐጂ በወግ ይንገሯት» ብላዋለች። ለቆርቆሮ መርዶ!

«ታዲያ ‘አሁን እዚህ የለችም’ ያልከኝስ?» ብዬ ገመዳን ጉሮሮውን ልይዘው ደረስኩ።

«ትናንትም ቆርቆሮ ፍለጋ ሄዳ ስለነበር ነዋ! ውሸት ነው?»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እዚያው

በአቧራው ውስጥ ጋሪ መጣ። ጭነቱ የተጠማዘዘ አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው። ጫፉ ላይ አዳዳ ተቀምጣለች፣ የሐጂን አሮጌ ካፖርት ለብሳ፣ ራሷን በጆንያ አስራ፣ ፈረሱን እየሰደበች። ሮጬ ጋሪው ሳይቆም ተጠመጠምኩባት። ጭቃና ላብ ትሸታለች። በሕይወት ያለ ሰው የሚሸተው እንዲህ ነው አልኩ በልቤ።

«ቀስ፣ ቀስ! ቆርቆሮው ይቆርጥሻል» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን ያዘችና «ምነው እንዲህ ከሳሽ? አዳማ ምግብ የለም?» አለች።

ሰው በነፋሱ አልሞተም። የቅዳሜ ገበያ ነው ያተረፋቸው፤ ቀበሌው በሙሉ ቡልቡላ ወርዶ ነበር። የቆሰሉት ሁለቱ ቤት ቀርተው የነበሩ ናቸው። አዳዳም ገበያ ሳትሄድ ቀርታለች፣ ቤት ግን አልነበረችም። ሽንኩርቱን ከወንዙ በቦይ ነው የሚያጠጡት፤ ውሃው በየተራ ነው፤ ተራውን ያሳለፈ እስከ ሳምንቱ ይጠብቃል። የቅዳሜው ተራ የእሷ ነበር።

«ቦዩን እየጠረግኩ ጆሮዬ ድፍን አለ» አለች። «ቀና ስል ኦቦምቦሌቲ ከማዶ ይመጣል። አውሎ አይቼ አውቃለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም፤ መንደሩን እየፈጨ ነው የሚመጣው። አካፋውን ጣልኩና ቦዩ ውስጥ በሆዴ ተኛሁ። ጭቃውን በጥርሴ ነከስኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ስል የሐጂ አህያ በላዬ አለፈች።»

«ዘልላሽ?»

«እኔ እንጃ። እግሯ መሬት ላይ አልነበረም።»

«ዋሽተሻል አዳዳ!»

«ሐጂን ጠይቂ። ከወንዙ ማዶ ሣር ስትግጥ ነው የተገኘችው። ገለተ ዋቃ፣ ተመስገን፣ እሷም ተርፋለች።» ሐጂ ራሳቸውን ነቅንቀው አረጋገጡ። ማመን ያለማመን የእናንተ ነው።

ቤቷ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሄዷል። ሳጥኗ ከነልብሷ፣ ከነጋቢዋ፣ ሄዷል። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝና በቦርሳዬ ሳሙና፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስ አጭቄ ነበር። «ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?» ብላ ቦርሳውን ሳበች፣ እንደ ልጅነቴ ሁሉ ፈቃድ ሳትጠይቅ። መጀመሪያ እጇ የገባው ጥቁሩ ቀሚስ ነው።

አንጠልጥላ አየችው። እኔን አየችኝ።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለ… ብርድ ነው። ማታ ማታ ይበርዳል ብዬ።»

«እጅጌው አጭር ነው እኮ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! አዳዳ ግን ቀሚሱን ትከሻዋ ላይ ለካችው፣ ርዝመቱን እስከ ቁርጭምጭሚቷ አየች፣ ጨርቁን በጣቶቿ መሐል አሻሸችው።

«ልታለቅሺልኝ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ» አልኩ። «ከባቱ ጀምሮ እያለቀስኩልሽ ነው የመጣሁት።»

ጉንጬን በመዳፏ ጠረገችልኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን አዳዳ እንባዋን የምታስነካ ሴት አይደለችም። «ደግ ልጅ» አለች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ «በሉ ዞር በሉ፣ ልልበሰው! የሐጂ ካፖርት ቁንጫ አለበት!» አለች። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከሁሉ ይበልጥ ሐጂ ሳቁ።

ረቡዕ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር

ዛሬ ከየቀበሌው ቆርቆሮ ሲመጣ ዋለ። ነፋሱ ያመጣለትን ቆርቆሮ በጓሮው ያገኘ ሁሉ በጋሪ፣ በአህያ፣ በትከሻው ተሸክሞ የሐጂ ግራር ሥር ይደረድራል። ባለቤቱ መጥቶ ይለያል፤ አንዱ በምስማሩ ቀዳዳ፣ አንዱ በዝገቱ፣ አንዷ ልጇ በከሰል በጻፈበት ስም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቆርቆሮ ተከራከሩና ሐጂ ለሦስተኛ ሰጡት፤ ነገሩ አለቀ። የእኔ አረንጓዴ ያለ ክርክር ይታወቃል። ትንሽ ኮራሁ፤ ቀለሙን ስመርጥ «ምን ዓይነት በቀቀን ነው ይሄ» ብለው የሳቁብኝ ሁሉ ዛሬ መልሳቸውን አገኙ።

ከአረንጓዴው ቀጥ ያለውን፣ የሚሆነውን መርጣ አዳዳ አራስ ላለባት ጎረቤቷ ጭና ሰጠቻት። «እኔ አሮጊት ነኝ፣ ዝናብ ቢነካኝ አልሟሟም» አለች። ወጣቶቹ የደቦ ቀን ቆርጠዋል፤ ከአራሷ ቤት ይጀምራሉ። ላሞቿ ለሞቱባት ሴት ደግሞ ከየቤቱ አንድ ጥጃ ሊዋጣላት ነው። ገና ብዙ አለ። ትምህርት ቤቱ አለ፤ በቆሎው እንደገና ይዘራ ይሆን የሚለው ጭንቀት አለ። ግን ማንም መቃብር እየቆፈረ አይደለም፤ የሚቆፈረው የምሰሶ ጉድጓድ ነው።

ስሰናበታት አዳዳ ቀሚሴን ወገቧ ላይ በገመድ ሸብ አድርጋ አካፋ ይዛ ቆማለች። «ጠርጌ ያልጨረስኩት ቦይ አለ» አለችኝ። አቅፋ ሳመችኝ። «ጣራው እስኪሠራ አዳማ ነይ» ብዬ ለመንኳት። «ሽንኩርቱን ማን ያጠጣልኛል?» አለች፤ ነገሩ በዚያ አበቃ።

ረቡዕ፣ አመሻሽ፣ ወደ ቤት

ጋሽ ታደሰ ቃላቸውን ጠብቀው መንገዱ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ስስቅ ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ተርፋለች!» አልኳቸው ገና በሩን ሳልይዝ።

«እሰይ! እሰይ እሰይ! እልልል!» ብለው መሪውን ደበደቡት። ሙዚቃው እስከ ጣራ ተከፈተ። አልተቃወምኩም።

መቂን ስናልፍ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ትናንት ምን ሰምተው ነው እንዲያ የሆኑት?»

«እኔ? ምንም አልሰማሁም። ጥቁሩ ቀሚስሽ ከቦርሳው ተርፎ መሬት ይጠርግ ነበር እኮ። መርዶ ሰምታ የምትሄድ ሴት ናት ብዬ፣ ከኋላ ላሉትም በዓይኔ ነገርኳቸው።»

ጉድ በሉ! አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው የእኔን ቀሚስ አይቶ አዘነልኝ፤ እኔ ደግሞ የእነሱን ሐዘን አይቼ አዳዳን ቀበርኳት። አንዳችን አንዳችንን ብንጠይቅ ኖሮ ሁሉም ያልቅ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር ማን ይጠይቃል? እስከ ቆቃ ድረስ ስቄ፣ ቆቃ ላይ ዓሣ አስቁሜ ገዛሁ፤ ሎሚው ያነሰው ነበር።

ሰፈሬ ስደርስ የዕድሩ ድንኳን ብረት የእኔን ግንብ ተደግፎ ቆሟል። አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ስልኬ ስላልሠራ እትዬ ዘነበች ቁርጡን አውቃ፣ ሴቶቹን ሰብስባ፣ በትልቁ ብረት ድስት ንፍሮ ጥዳለች። ከባጃጅ ስወርድ ሲያዩኝ አንዷ «ዋይ ዋይ» ብላ ጀመረች።

«ተዉ! ተዉ! ደህና ናት! አዳዳ ደህና ናት!» ብዬ በሰፈሩ ላይ ጮኽኩ።

እልልታው ቀለጠ። ድንኳኑ ሳይተከል ተመለሰ። ንፍሮው ግን ተበላ፣ በስሎ የት ይሄዳል? በለቅሶ ቤት ሁልጊዜ የሚያንቀኝ ንፍሮ ዛሬ ሁለት ጊዜ ተጨምሮልኝ በላሁ፤ ሴቶቹም ስለ ሐጂ አህያ ሦስት ጊዜ አስነገሩኝ።

እትዬ ዘነበች ቦርሳዬን ወደ ቤት ስታስገባልኝ ቀለላት። ከፍታ ፈተሸችው።

«ጥቁሩ ቀሚስሽስ? ባይፈለግ ይዘሽው ትመለሻለሽ ብዬሽ ነበር እኮ» አለችኝ።

«ተፈለገ» አልኳት። «አዳዳ ለብሳው የሽንኩርቷን ቦይ እየጠረገች ነው።»